ያልተሰበረው በር

ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም። አንድ ክፍል ለምንጋራው የዶርም ጓደኞቼ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም፤ ሁለት ጊዜ ልናገር ብዬ ከፊታቸው ቆሜ፣ ስለ ትንሽዬ መኪና መናዘዝ ያስቅብኛል ብዬ ፈርቼ፣ በምትኩ ጾም መሻሬን ተናግሬ ወጥቻለሁ። አሁን የምናገረው ለእናንተ፣ ለምታነቡት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ "ልጅ ነበርሽ" አትበሉኝ። ይህን እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ ብያለሁ፤ አላሳረፈኝም።

ያደረግኩትን ሳላድበሰብስ ላስቀምጠው። የአባቴን ሞዴል መኪና አንድ በር ሰበርኩ። ያንን ለመደበቅ ያልተሰበረውን ሌላኛውን በር በማጣበቂያ ዘጋሁት። ከዚያ የበሮቹ መዘጋት በሰው ሲላከክ ቆሜ አየሁ። ሰውየው የአባቴ የልብ ጓደኛ ነበሩ።

አባቴ አስራት የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። ቀኑን ሙሉ ተሳቢ ሲጎትት የሚውል ሰው ቤቱ ሲገባ መኪና ማየት የሚያስጠላው ከመሰላችሁ አባቴን አታውቁትም። ቱሉ ዲምቱ ያለው የኮንዶሚኒየም ቤታችን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ እሱ ራሱ ለክቶ ያሠራው ባለ መስታወት መደርደሪያ አለ። መደርደሪያው ላይ መዳፍ የሚያካክሉ፣ ከብረት የተሠሩ ሞዴል መኪኖች ተሰልፈዋል። እንግዳ ሲመጣ እናቴ ሳትጠየቅ ትናገራለች፤ "የልጅቷ እንዳይመስላችሁ፣ የሱ ነው።" አባቴም አያፍርም። እጁን ታጥቦ አንዱን ያወጣና እንግዳው ሻይው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ያስረዳዋል።

አባቴ መኪና ሲመርጥ የሚያየው አንድ ነገር ነው። ይከፈታል ወይስ አይከፈትም? በሩ፣ ኮፈኑ፣ የኋላ ክዳኑ። ለዚህ ሥራ ብሎ የቀኝ እጁን ትንሽ ጣት ጥፍር ያሳድግ ነበር። እሱ እንደሚለው፣ ኩባንያዎቹ ወጪ መቀነስ ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚዘጉት በሩን ነው። ለብቻው ተሠርቶ፣ ለብቻው ተቀብቶ፣ በማጠፊያ መገጠም የነበረበት በር ቀርቶ በቦታው የተጫረ መስመር ብቻ ይሆናል። ቀጥሎ ከሥር ያለው ሻንሲ ከብረት ወደ ፕላስቲክ ይወርዳል። ቀጥሎ የፊት መብራቱ በመስታወት መገጠሙ ይቀርና በቀለም ይሳላል። "ሳጥኑ ግን እያማረ ይሄዳል" ይለኝ ነበር። "ማሂ፣ ሳጥን ሲያምር ጠርጥሪ።" እኔም ጎበዝ ተማሪ ስለነበርኩ ሁሉንም በቃሌ ያዝኩት።

እነዚህን መኪኖች የሚያመጡለት ጋሽ ሸምሱ ነበሩ። ጋሽ ሸምሱ በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው አቃቂ በሰቃ የከተሙ ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸው ጠባብ ናት፤ ሰዓት፣ ባትሪ፣ የስልክ ሽፋን፣ የልጆች መጫወቻ ይሸጣሉ። መርካቶ ወርደው ከሚገዙት የተቀላቀለ ካርቶን ውስጥ ጥሩ ሞዴል ሲያገኙ ለአባቴ ይደብቁለታል። እሱም ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር እኔን አስከትሎ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር ከመኪኖቹ ይልቅ እኔ የምወደው የሁለቱን ክርክር ነበር።

"ይቺ አትከፈትም" ይላል አባቴ፣ በጥፍሩ እየሞከረ።

"አትከፈትም። ለዚህ ነው መስመሯ እንዲህ ቀጥ ያለው። ያንተዎቹ የሚከፈቱት እኮ ጥርሱ የወለቀ ሽማግሌ ነው የሚመስሉት፣ ክፍተት በክፍተት።"

"ሸምሱ፣ በር የሌለው መኪና ሐውልት ነው።"

"ልትገባበት ነው እንዴ?"

"ብገባስ?"

"በዚህ ቦርጭ?"

ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። ጋሽ ሸምሱ ለእኔ ማስቲካ ይሰጡኝና "ማሂዬ፣ አባትሽ መኪና አይደለም የሚገዛው፣ በር ነው" ይሉኛል።

አባቴ ለዓመታት "ፈልግልኝ" ሲላቸው የኖረው አንድ መኪና ነበር፤ ሴይቼንቶ። እኔ ያልደረስኩባቸው አያቴ በሴይቼንቶ ታክሲ ነበር ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ትንሽ፣ ክብ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ መኪና ናት። የጥንቶቹ በራቸው እንደ ዛሬዎቹ አልነበረም። የዛሬ መኪና በር ማጠፊያው ከፊት ነው፤ የእነዚያ ግን ማጠፊያው ከኋላ ስለነበር በሩ ከፊት ጠርዙ ተላቆ ወደ ኋላ ይከፈት ነበር። በሩ በደንብ ካልተዘጋ ነፋስ ይነጥቀዋል። ስለዚህ አያቴ አባቴን አጠገባቸው አስቀምጠው "ያዝ!" ይሉት ነበር። አባቴ ሲቀልድ "በሕይወቴ የመጀመሪያ ሥራዬ በር መያዝ ነው" ይላል። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ? ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ይህን አስታውሱልኝ፤ በኋላ አለማወቄ ማመካኛ እንዳይሆነኝ።

ሰባተኛ ክፍል ሆኜ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ሸምሱ ከሱቃቸው ደጃፍ ጠሩኝ። "ማሂዬ! ነይ፣ ነይ! አባትሽ ዛሬ እንቅልፍ የለውም!" መዳፋቸው ላይ ትንሽ ሳጥን ነበረች። አባቴ ያኔ ጭነት ይዞ ከጅቡቲ እየተመለሰ ነበር፤ ደውለውለት ነበር። "በሯ ይከፈታል፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያውም ወደ ኋላ ስለው ስልኩ ላይ ጮኸብኝ እኮ! 'እንዳትነካት፣ እኔ ራሴ ነኝ የምከፍታት' አለኝ።" ሳጥኗን ዙሪያዋን በፕላስተር አሽገው ሰጡኝ። "አደራ፣ አባትሽ ሳይመጣ እንዳትከፍቺ" አሉኝ። እኔም "እሺ ጋሽ ሸምሱ" አልኩ። አደራውን የተቀበልኩት በዚህ አፌ ነው።

ለምን ከፈትኩት? ብዙ አስቤበታለሁ። ሌባ ስለነበርኩ አይደለም፣ ተንኮለኛም አልነበርኩም። ሰው እንዲያመሰግነኝ የምወድ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ሲገባ "አባዬ፣ እንደዚህ ነው የምትከፈተው" ብዬ ላሳየው፣ እሱም "አይ ልጄ!" እንዲለኝ ፈልጌ ነው። ለዚህች አንድ ቃል ብዬ ፕላስተሩን በጥንቃቄ ልጬ ሳጥኑን ከፈትኩ።

መኪናዋ ክሬም ቀለም ነበረች። ጥፍሬን በግራው በር የኋላ ጠርዝ ሰደድኩ። የማውቃቸው በሮች ሁሉ የሚከፈቱት በዚያ በኩል ነዋ! እምቢ አለ። የእናቴን የጥፍር መሞረጃ አምጥቼ እዚያው ጠርዝ ላይ ሰካሁና ፈለቀቅኩት። ቀጭ አለ። በሩ መዳፌ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት። በበሩ መክፈቻ በኩል መስሎኝ የፈለቀቅኩት ማጠፊያውን ነበር። የአያቴን በር ታሪክ በቃሏ የምታውቀው እኔ፣ ማንም ቢሳሳት እኔ ልሳሳተው የማይገባኝን ስሕተት ተሳሳትኩ።

እስከዚህ ድረስ አደጋ ነው። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ አባቴ ይቆጣኝ ነበር፤ ከዚያ ጥግ ይዞ ያዝን ነበር፤ ከዚያ ለጋሽ ሸምሱ ሲነግራቸው ሱቋ እስክትነቃነቅ ይሳቅብኝ ነበር። ዛሬ የቤተሰብ ቀልድ በሆነ ነበር።

እኔ ግን አላቆምኩም። የቀኙን በር በትክክለኛው በኩል፣ ከፊት ጠርዙ፣ በጥፍሬ ነካሁት። ምንም ሳያስቸግር ወደ ኋላ ተከፈተ። ውስጧ ቀይ ወንበር ነበረ፤ እንደ ክር የቀጠነ መሪ ነበረ። እንዴት እንደምታምር! ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ደግሜ ከፈትኩት። አባቴ የፈለጋት እሷን ነበር፤ በእጄ ይዣት ነበር። ያን እያየሁ ነው ያሰብኩት። አንዱ በር ተከፍቶ አንዱ እምቢ ካለ አባቴ መሰበሩን ወዲያው ያውቃል። ሁለቱም ካልተከፈቱ ግን? ሁለቱም ካልተከፈቱ የሰው እጅ የለበትም። የፋብሪካ ነው። ወጪ ቅነሳ ነው። ይህን ያስተማረኝ ማን ነው? አባቴ ራሱ።

ጫማ የምንለጥፍበትን ሱፐር ግሉ አመጣሁ። በመርፌ ጫፍ እየነከርኩ የወደቀውን በር ወደ ቦታው መለስኩት። ከዚያ ያንን ያልተሰበረውን፣ ያንን የሚያምረውን በር ዘግቼ፣ ዙሪያውን በመርፌ ጫፍ ቀባሁት። በጣም በንጽሕና ነው የሠራሁት፤ የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ቢሆን ሙሉ ነጥብ ይሰጠኝ ነበር። ሳጥኑንም በራሱ ፕላስተር መልሼ አሸግኩ። የግራው በር ከእጄ አምልጦኝ ነው። የቀኙን ግን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ አስቤበት፣ አውቄ፣ እኔ።

አባቴ ሲመጣ ምሳ እንኳ አልበላም። እጁን ታጥቦ ሳጥኗን ከፈተ። ግራውን በጥፍሩ ሞከረ። ቀኙን ሞከረ። ወደ መስኮቱ ይዟት ሄደና ብርሃን ላይ አየት። ብዙ ቆመ። "አይ ሸምሱ" አለ።

እኔ ምን አልኩ? ዝም ብል እንኳ ይሻል ነበር። "አዲስ የሚሠሩት እንደዚህ ነው እኮ አባዬ" አልኩት። "ወጪ ለመቀነስ በሩን ይዘጉታል።"

አባቴ ራሴን ዳበስ አደረገኝ። "የኔ ልጅ ገብቷታል" አለ። የፈለግኳትን ምስጋና አገኘኋት።

ቅዳሜ ተከትዬው ወደ ሱቁ ሄድኩ። መቅረት እችል ነበር፤ ብቀር ያስጠረጥረኛል ብዬ ሄድኩ። ያኔ ከጋሽ ሸምሱ ሞዴል የሚገዛ ሌላ ደንበኛ ነበር፤ አባቴ "የቦሌው ሰውዬ" ይለዋል። የተጠራውን ዋጋ ሳይከራከር የሚከፍል ሰው ነው።

"ሸምሱ፣ የምትከፈተዋን ለቦሌው ሰውዬ ሰጥተህ ነው ይቺን የላክልኝ?" አለ አባቴ።

ጋሽ ሸምሱ መጀመሪያ የሳቁት ቀልድ መስሏቸው ነው። "አስሬ፣ ምን ነካህ?"

"በሯ አይከፈትም።"

መኪናዋን ተቀበሉት። ግንባራቸው ላይ የነበረውን መነጽር ዓይናቸው ላይ አወረዱ። ግራውን ነካኩ፣ ቀኙን ነካኩ። "ተከፍቶ ነበር እኮ። ወላሂ፣ በነዚህ ዓይኖቼ..."

"ተው፣ በዚህ አትማል።"

ጋሽ ሸምሱ ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ። ፊታቸው በራ። ምስክር አገኙ። "ማሂዬ፣ የወሰድሽው አንቺ ነሽ። ሳጥኑን በፕላስተር አሽጌ አይደለም የሰጠሁሽ?"

"አሽገው ነው የሰጡኝ" አልኩ።

"አየህ!" አሉ።

"አየሁ" አለ አባቴ። "ታሽጎ ከወጣማ፣ የወጣው እዚህ የነበረው ነው።"

በዚያ ቀን አንዲት ውሸት አልተናገርኩም። የተናገርኩት እውነት ነው፤ በሰውየው ላይ የፈረደባቸውም ያ እውነት ነው። ታድነኛለች ብለው ለምስክርነት የጠሩኝ ሰው፣ በእኔው ቃል ውሸታም ሆነው ቀሩ። ጋሽ ሸምሱ አልጮኹም። "ገንዘብህን ልመልስልህ" አሉ። አባቴ "የገንዘብ ነገር መሰለህ?" ብሎ ወጣ። እኔም ተከትዬው ወጣሁ። ማስቲካ የሚሰጡኝ እጃቸው ባንኮኒው ላይ እንዳለ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ድምፅ ያለው ነገር አይደለም። አልተጣሉም፤ ቀሩ እንጂ። በአረፋ ከጋሽ ሸምሱ ቤት ይመጣ የነበረው ሳህን ቀረ። ለፋሲካ አባቴ "ሸምሱ ይምጣና ይጫወት" ማለቱ ቀረ። መንገድ ላይ ሲተያዩ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ይተላለፋሉ። አባቴ ከሌላ ሱቅ አንድ ሁለት መኪና ገዛ፤ ግን የሚከራከረው ሰው የለም። በሩን ይሞክራል፣ ይከፈታል፣ ይከፍላል፣ ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ መግዛቱንም ተወው። ጥፍሩን ቆረጠው። እናቴ "ለመጫወቻ ብላችሁ፣ ሁለት ሽበታም!" ብላ ትቆጣው ነበር። እሱ ግን "በር አይደለም ያጣሁት፣ ሰው ነው" ይላታል። ይህን ሲል ሳሎን ቁጭ ብዬ የቤት ሥራ እሠራ ነበር።

ስንት ጊዜ ልናገር እችል ነበር? ፈተና ባለፍኩ ቁጥር፣ አባቴ ደስ ባለው ቁጥር፣ "ምን ልግዛልሽ?" ባለኝ ቁጥር እችል ነበር። ጥሩ ልጅ መባሌን ወደድኩት። ጥሩ ልጅ መባል ብዙ ነገር ይደብቃል፤ ሰው ሊፈልግ እንኳ አይመጣም።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ፍሬሽማን ነኝ። ባለፈው ሰሞን አባቴ ደወለልኝ። ድምፁን ስሰማ ጥሩ ዜና እንዳለው አወቅኩ።

"ማሂ፣ ከሸምሱ ጋር ታረቅን እኮ!"

"እንዴት?" አልኩ።

"የሱቆቹ ረድፍ ለመንገድ ሊነሳ ነው። ሸምሱ ጠቅልሎ ወደ ወራቤ ልጁ ጋ ሊገባ ነው አሉ። ሰምቼ አላስቻለኝም። ሄድኩና 'ሸምሱ፣ ያለፈው አለፈ፣ ይቅር ብዬሃለሁ' አልኩት።"

"እሳቸውስ ምን አሉ?"

"ምን ይላል፣ አለቀሰ። 'አስሬ፣ ዓይኔ ይሆናል የተሳሳተው' አለኝ። 'ያን ቀን ካርቶኑ ብዙ ነበር። ሌላ የምትከፈት አይቼ ይሆናል ያቺ የመሰለችኝ። ይኸው ስንት ጊዜ አሰብኩት፣ ዓይኔ ነው' አለ። ተቃቀፍን። እናትሽ ብታይን ትስቅ ነበር።"

"ደስ ይላል አባዬ" አልኩት። አባቴ ስልኩን ሲዘጋ እየሳቀ ነበር።

እናንተ ብትሆኑ ዝም ትሉ ነበር? ሁሉም ነገር እኮ ተስተካክሏል። ሁለት ጓደኛሞች ታርቀዋል። የሚጠረጥረኝ የለም፤ የተጎዳም ያለ አይመስልም። ያን ቀን ከዶርም ወጥቼ ግቢው ውስጥ ስዞር ለራሴ ይህንኑ አልኩት። "በቃ አለቀልሽ" አልኩ። ግን አንድ ነገር አልለቀቀኝም። ጋሽ ሸምሱ ባላደረጉት ነገር ይቅር ተባሉ። ባላደረጉት ነገር አለቀሱ። ሁለት ዓይኖቻቸው በትክክል ያዩትን፣ ወላሂ ብለው የማሉበትን፣ ጓደኛቸውን ላለማጣት ሲሉ "ተሳስቻለሁ" ብለው ካዱት። ከአባቴ የወሰድኩት አንዲት መኪና ነው። ከጋሽ ሸምሱ የወሰድኩት ግን ያዩትን ማመን ነው። ያንን የሚመልስላቸው ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ፤ የአባቴ እቅፍ አይመልሰውም።

ቅዳሜ ወደ ቤት እገባለሁ። ለአባቴ ብቻ፣ ጓዳ ውስጥ፣ በጆሮው ብነግረው ይቀለኛል፤ ትንሽ ይቆጣና አቅፎኝ ያልቃል። ስለዚህ እንደዚያ አላደርግም። አባቴን ይዤው በሰቃ እወርዳለሁ። ሱቁ ባዶ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ካርቶን እያሰሩ አገኛቸው ይሆናል። ሁለቱም ባሉበት እናገራለሁ። አባቴ ቀና ብሎ ሲያየኝ ዓይኔን እንዳልሰብር ከወዲሁ እየተለማመድኩ ነው።

ጋሽ ሸምሱ፣ ይህን የጻፍኩት እዚያ ስደርስ ምላሴ ቢተሳሰር ከኪሴ አውጥቼ ላነብልዎ ነው። ዓይንዎ አልተሳሳተም። ያዩት ልክ ነበር። እርስዎ "ማሂዬ" ብለው ሲጠሩኝ እውነቱን ይዤ ቆሜ ነበር፤ ከለከልኩዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝ ብዬ አልጀምርም፤ እኔ እንደማውቅዎ "ተይው ልጄ" ሊሉኝ ይቸኩላሉ። አይቸኩሉ። መጀመሪያ ይቆጡኝ።